በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ጾም

ባለቤቴ ይትባረክ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ቀን አረቄ በአፉ ሳይዞር ቆይቶ፣ በቅዳም ሹር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሰክሯል ተባለ። ያለችው ዘቡ ናት። ዘብ የምስር ክክ የምታክል ነገር ናት፤ መንጋጋ ጥርስ ላይ ትለጠፋለች፣ ቀንና ሌሊት ትንፋሽ ታሸታለች፣ ያሸተተችውን ለማገገሚያ ባለሥልጣን ትናገራለች። ሁለት ቀን ብትታገሰው ኖሮ፣ ሰኞ በማዕዶት ዕለት ሺህ ቀን ይሞላውና ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ልጃችን ሶልያና ይህንን ለክፍሏ ልጆች፣ ለሰፈራችን ባለሱቅ፣ ለፀጉር ሠሪዋ ሳይቀር ተናግራ ጨርሳ ነበር።

መልእክቱ ስልኬ ላይ የመጣው በመዝሙር ታጅቦ ነው። የባለሥልጣኑ መልእክት ሁሉ በመዝሙር ይጀምራል፤ የምሥራችም ይሁን መርዶ ዜማው አንድ ነው። «ውድ ቤተሰብ፣ ወንድማችን ይትባረክ ወድቋል፣ በጸሎት አስቡት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ፊደል፣ የማገገም ቀን አንድ፣ ይላል። ሶስት ጊዜ አነበብኩት። ሶልያና ማን ነው ስትለኝ የትምህርት ቤት ስብሰባ ነው አልኳት።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚሆን ለመናገር ስለ ሕጉ ትንሽ ማለት አለብኝ። ሕጉ የወጣው በ2058 ዓ.ም. ነው። እምነት ያለው ሰው ከሱስ ቶሎ ይላቀቃል የሚል ጥናት ወጣ። ጥናቱ እውነቱን ነው። አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም፤ መጠጥ ያሸነፈውን ሰው ጠበል ያስጠምቁታል፣ ዱዓ ያስደርጉለታል፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው አብረውት ያለቅሳሉ። ባለሥልጣኑ ግን ደግ ነገር አይቶ ሳይቆጥረው መተው አይችልም። ስለዚህ መንፈሳዊነት ግዴታ ሆነ፣ ግዴታ ስለሆነም መለኪያ ወጣለት። መለኪያው የመንፈስ ነጥብ ይባላል። በሳምንት ከመቶ ስድሳ ያላመጣ ሰው ምክር ይሰጠዋል፣ ሁለት ሳምንት ያላመጣ ጎብኚ ይከለከላል።

ይትባረክ ያለው በጦሳ ማገገሚያ መንደር ነው፤ ከደሴ ከተማ በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ። ገና ሲገባ ሃይማኖት ይመረጣል። የሚመረጡት አምስት ናቸው፤ አምስተኛው «አጠቃላይ መንፈሳዊነት» ይባላል፤ እግዜርን የማያውቅ ሰው እሱን ይመርጥና በሳምንት ሦስት ጊዜ ተጋድሞ የባሕር ድምፅ ይሰማል። ሌሎቹ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ይጸልያሉ። መስታወቱ ከንፈር ያያል፤ ከንፈሩ ያልተንቀሳቀሰ ሰው አልጸለየም። ስግደት የሚቆጥር ምንጣፍ አለ፤ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ምንጣፉ ላይ ኳስ ሲያነጥር አይቼ ስፖርት መስሎኝ ነበር። ለካ የሳምንቱን ስግደት እየሞላ ኖሯል። ምግብ ሲቀርብ ምስጋና ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ ጠረጴዛው ይሰማል። የጾመ ሰው ደግሞ ማታ ላይ «ጾሜያለሁ» የሚል ቁልፍ ይጫናል፤ የጾመውም ያልጾመውም ይጫነዋል፣ ነጥቡ እኩል ነው።

የይትባረክ ነጥብ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሁለት ላይ ሲንገዳገድ ነው የኖረው። የሚጸልየው ከመንደሩ ጀርባ፣ የጎመን መደብ ዳር ቆሞ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው። እዚያ መስታወት የለም። አማካሪው ደጋግሞ መከረው። እኔም መከርኩት፤ ምናለ መስታወቷ ፊት ብትቆምላቸው፣ ከንፈርህን ማንቀሳቀስ ምን ያስወጣሃል አልኩት። ሳቀ። ጸሎት ቤቱ ሄዶ መስታወቱ ፊት መቆም ጀመረ፣ ግን የጎመኑንም መደብ አልተወም።

ባሌን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም ይህን የምናገረው። ይትባረክ መስታወት ገጣሚ ነበር፣ እጁ የተመሰከረለት፤ ሰካራምም ነበር። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት «ዛሬ አልቀምስም» ብሎኝ የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ከቤት ወጣ። ማታ ሐይቅ ከተማ፣ አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ሶልያና የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተገኘች። እሱ ደሴ አንድ አረቄ ቤት አጠገብ ተኝቶ ነበር፤ ከልጁ ጋር መሳፈሩን እንጂ መውረዱን አያስታውስም። ባለሥልጣኑ ሺህ ቀን ከልጁ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድር ሲፈርድበት ትክክል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያተረፉት መምሬ ኪሮስ ናቸው፣ የንስሐ አባታችን። መንደሩ ሳይገባ በፊት ሁለት ሳምንት ቤታቸው አስቀመጡት። ስለ አረቄ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ያሉት እንዲህ ነው፤ አንተ የምትጠጣው ስለምትዋሽ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ነው ትላለህ፣ ጓደኛ ታሞ ነው ትላለህ፣ ነገ እተዋለሁ ትላለህ፤ መጀመሪያ ውሸቱን ተው፣ ሌላውን አብረን እናየዋለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ አይዋሽም። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ስጠይቀው እንኳ ያየውን ነው የሚነግረኝ። መምሬ ኪሮስ ግን መንደሩ ውስጥ መግባት አይችሉም። የተረጋገጠ መንፈሳዊ አገልጋይ የሚባል ፈቃድ አለ፣ ለፈተናው ደግሞ ዕድሜያቸው አልፏል።

እንግዲህ ወደ ቅዳም ሹሩ ልመለስ። ይትባረክ ዘንድሮ አከፈለ። አክፍሎት ለማያውቅ፣ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ እህልም ውኃም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው አይደለም፤ የሚችል ያደርገዋል፣ የሚናገረውም የለም። እሱም ለእኔ ብቻ በስልክ ነገረኝ። ስለ ሶሊ ነው አለኝ፣ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስንት ሰዓት ውኃ ሳትጠጣ እንደቆየች አስቤ አውቃለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስቤ አላውቅም ነበር። እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስበው ኖሯል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ እህል በአፉ ከዞረ አርባ ሰዓት ገደማ ሲሆነው፣ ዘቧ ጮኸች።

እሑድ፣ የትንሣኤ ዕለት፣ ሶልያናን ለእህቴ ትቼ ወደ ጦሳ ወጣሁ። ይትባረክ ጎብኚ ተከልክሏል። ያናገረችኝ ሲስተር ረውዳ ናት፣ የመንደሩ ነርስ፤ ሥራዋን ከዘቦቹ በፊት የጀመረች፣ ቁጥብ ሴት። ከበሩ ወጣ ብለን ግንብ ሥር ቆምን። አልጠጣም አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ሰው ሁለት ቀን ሳይበላ ሲቀር ሰውነቱ የራሱን ስብ መብላት ይጀምራል፣ ያኔ ትንፋሹ ይለወጣል፣ ዘቧም ያንን ከአልኮል መለየት አትችልም። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የእሷም ትንፋሽ በየጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዘቦች ያቅበጠብጣቸዋል፤ ለዚህ ብላ ከማሽኖቹ ራቅ ብላ ነው የምትውለው።

ታዲያ ደሙን መርምሩት አልኳት። እሷም ወዲያው ጠይቃ ነበር። የደም ምርመራ ዘቧ ትበልጣለች ተብሎ ቀርቷል፤ ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱ አሥራ አምስት ቀን ይወስዳል፣ በአሥራ አምስት ቀን ደግሞ ደም ውስጥ ምንም አይገኝም። ማክፈሉን ለምን አልጻፋችሁም አልኳት። ጽፋለች። መዝገቡ የተፈቀዱ ጾሞች ዝርዝር አለው፤ የጾም ሰዓት እስከ አሥራ ስምንት ሰዓት ይቀበላል። አክፍሎት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች እየጾሙ ያደጉ ናቸው፤ እናቶቻቸው ያከፈሉ ይሆናሉ። ግን አክፋይ እንደማይናገር ስለሚያውቁ፣ ማንም ቁልፍ ተጭኖ አይነግረንም ብለው ተዉት።

ከዚያ የንስሐ ቅጹን ነገረችኝ። የወደቀ ሰው ሐሙስ ጉባኤ ፊት ይቀርባል። ጉባኤው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ወድቀሃል ወይ። አዎ ወድቄአለሁ ብሎ በጣቱ ከፈረመ ወዲያው ይቅር ይባላል፣ ቀኑ ሁሉ ይመለስለታል፣ ሺህ ቀን ከሞላው በዚያው ሰዓት ቤቱ ይሄዳል። አልወደቅሁም ካለ ክህደት ይባላል፣ ከአንድ ይጀምራል። ንስሐ የማገገም እምብርት ነው ብለው ነው። እነዚህ ሰዎች ይቅር የማይሉት ያልበደላቸውን ብቻ ነው።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ሲስተር ረውዳን ምን ትመክሪኛለሽ አልኳት። ባልሽ እንዲፈርም ንገሪው አለችኝ፤ ብዙ ሰው እንደሚፈርም፣ ግማሹ ለምን እንደፈረመ እንደማያውቅ፣ እሷም ቤተሰብ ያላት ስለሆነች ከዚህ በላይ መናገር እንደማትችል ነገረችኝ። ልትገባ ስትል የኔ ሐሳብ ሌላ መሆኑን ፊቴ ላይ ያየች መሰለኝ፤ ተመልሳ እጄን ይዛ «ምንም ነገር እንዳትሞክሪ» አለችኝ።

እኔ ግን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ለልጆች አንድ ነገር አልገባ ሲላቸው ሰሌዳው ፊት አውጥቼ ነው የማሳያቸው። በሕይወቴ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፤ ሰርጌ ላይ ያነሳሁት ብርጭቆ እንኳ የለስላሳ ነበር። እኔ ሁለት ቀን ከግማሽ ሳልበላ ቆይቼ ጉባኤው ፊት ብተነፍስ፣ ማሽኗም ሰክራለች ብትል፣ ሦስት የተማሩ ሰዎች ይህ ስሕተት ነው ለማለት ምን ይቀራቸዋል? እንዲህ አሰብኩ። እንዲህ በማሰቤ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ሰኞ፣ ይትባረክ ሊመጣ በነበረበት ቀን፣ ማታ እራት ሳልበላ አደርኩ። ሃምሳው ቀን ነው እንግዲህ፤ ከትንሣኤ በኋላ ሃምሳ ቀን አይጾምም፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፣ በዚያ ጊዜ መጾም ነውር ነው። የኔ ግን ጾም አልነበረም፣ እልህ ነው። ማክሰኞ አራት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ረቡዕ ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስረዳሁ ሰሌዳው ከነሐይቆቹ ዞረብኝ፤ ወንበር ተደግፌ ጨረስኩ። ሶልያና የበዓሉን ወጥ ላጉርስሽ ብላ ስትለምነኝ ሆዴን አሞኛል አልኳት። ከዕለተ ሰኞ ወዲህ አባቷን አልጠየቀችኝም። እህቴ መንገድ ላይ ነው ብላት ይሁን፣ ፊቴን ፈርታ ይሁን አላውቅም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የጉባኤው አዳራሽ ገባሁ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች። ሰብሳቢው አቶ ፍሬስብሐት ይባላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ጨዋ ሰው፣ ኮታቸው ላይ የባለሥልጣኑን የእርግብ ምልክት ያደረጉ። ይትባረክን አመጡት። ከስቶ ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ወዲያው ግን ከንፈሬን አየና ፊቱ ተለወጠ። የተራበ ሰው ከንፈር ያውቃል። «በሃምሳው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

የምናገረው አለኝ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍሎ ነበር አልኩ። የጾመ ሰው ትንፋሽ ይህችን ማሽን እንደሚያታልላት፣ እኔ መጠጥ ቀምሼ እንደማላውቅ፣ ሰፈሬም ትምህርት ቤቴም መመስከር እንደሚችሉ፣ ከሰኞ ጀምሮ እህል እንዳልበላሁ ተናገርኩ። ይፈትኑኝ አልኳቸው። አቶ ፍሬስብሐት ከጎናቸው ያሉትን ሰዎች አዩ። አስፈላጊ አይደለም አሉ። ግራ በኩል የተቀመጠችው ወጣት ግን ጎብኚ የመፈተን መብት እንዳለው ከመመሪያው አነበበችላቸው። መመሪያ ከሆነ እሺ አሉ፣ መመሪያ ከሆነ እምቢ የሚሉት ነገር የለም። ጎብኚ የሚፈተንባትን የጠረጴዛ ዘብ አቀረቡልኝ። ተነፈስኩ።

ቀይ በራች። ቁጥሩ ከባሌ ይበልጣል።

ድል ያደረግኩ መሰለኝ። ሞኝነቴ! ይኸው አልኳቸው፣ ጠዋት ስድስት ተማሪ ፈትኜ መጥቻለሁ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ፣ እንግዲህ ሰክሬያለሁ በሉኛ። ሦስቱም አውቀውታል። አቶ ፍሬስብሐት ራሳቸው ጿሚ ሰው ናቸው፣ ባዶ ሆድ ሲከርም አፍ እንዴት እንደሚሸት የማያውቁ አይደሉም። ዓይናቸውን ከእኔ አንስተው ከፊታቸው ያለው፣ መዝገቡን የሚያሳየው ሰሌዳ ላይ ተከሉ።

«ወይዘሮ ሐመልማል፣» አሉ፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።»

«በሃምሳው ውስጥ ነን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሃምሳው ጾም የለም። መዝገቡም የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ጾም በሌለበት ጊዜ ይህ ውጤት ከመጣ አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ጾም ነው አላልኩም እኮ። አልበላሁም ነው ያልኩት።»

«አልበላሁም የሚል የለም እዚህ ላይ» አሉ፣ ሰሌዳውን ወደ እኔ እያዞሩ፤ አፍረዋል፣ ግን እጃቸው አልቆመም። «ውጤቱ ተመዝግቧል።»

ሰሌዳው ላይ ስሜ ወጥቷል። አዲስ ተመዝጋቢ፣ ይላል። ከዚያ የልጄ ስም ወጣ። ዕድሜው ከአሥር በታች የሆነ ልጅ የምታሳድግ ተመዝጋቢ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ልጇ በሕጻናት ማረፊያ ትቆያለች። እስኪጣራ ማለት አሥራ አምስት ቀን ነው። ከዚያ መዝሙሩ መጣ፣ ያው ዜማ፣ ጥያቄውም መጣ፤ እህታችን ሐመልማል፣ ወድቀሻል ወይ?

ሁለት ቁልፍ። አዎ፣ ወድቄአለሁ። አይ፣ አልወደቅሁም።

ለመቆጣት ጊዜ አልነበረኝም፤ ቁጣው በኋላ ነው የመጣው፣ እስካሁንም አልሄደም። ያኔ ያሰብኩት ሶልያና ለሁለተኛ ጊዜ በማታውቀው ቦታ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል ዓይኗን ስታንከራትት ነው። አዎ ያለ ወዲያው ይቅር ይባላል፣ ማጣራትም የለበትም፤ ጣቴን አዎ ላይ አደረግኩ። ስድስት ሰከንድ አልፈጀም። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ይቅር ተብለሻል» አለ ሰሌዳው፣ የመጀመሪያ የመንፈስ ነጥቤንም ሰጠኝ፣ ሰባ አምስት። ባሌ በሦስት ዓመት አግኝቶት የማያውቀው ነጥብ ነው። አንድ ሰውዬ መጥቶ አፌን አስከፈተኝና ዘብ ለጠፈልኝ። እነሆ ሰካራም ነበርኩ፣ ተፈወስኩ፤ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ሆነ።

ሰሌዳው ወደ ይትባረክ ዞረ።

አቶ ፍሬስብሐት ከእኔ ጋር የሆነው ከንክኗቸው መሆን አለበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባታዊ በሆነ አነጋገር ነገሩት። ቀኑ ሁሉ ይመለስልሃል፣ ሺህ ቀን አልፎሃል፣ መኪናው ውጭ ቆሟል፣ ከባለቤትህ ጋር አሁኑኑ ትሄዳለህ። ማንም ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አያነሳብህም። ልጅህ ትጠብቅሃለች። አንድ ቃል ነው።

እኔም ወደ እሱ ሄድኩ። መብት የለኝም ነበር፣ የከለከለኝ ግን አልነበረም። ፈርም አልኩት። የሚፈርሙት ሁሉ እንደሚዋሹ እነሱም ያውቃሉ፣ እግዜርም ያውቃል፣ መምሬ ኪሮስም ሲሰሙ ይስቃሉ አልኩት። እኔም ፈርሜያለሁ፣ ምን ሆንኩ? አልኩት። ክንዱን ይዤ ነበር። ጎብኚ መንካት ስለማይፈቀድለት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የነካሁት ያን ቀን ነው።

«አንቺ ስትፈርሚ ዋሸሽ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አልሆንሽም» አለኝ። «እኔ ስዋሽ የት እንደምደርስ ታውቂያለሽ፣ ሐሙዬ።»

«ለሶሊ ስትል።»

«ለሶሊ ስል ነው። ያን ቀን ጠዋት 'ዛሬ አልቀምስም' ስልሽ እየዋሸሁ እንደነበር በሩ ላይ ሳለሁ አውቄው ነበር። አንድ ቃል ነበር፣ እንደዚህ አንድ ቃል። ዛሬ ይህቺን ብዬ ከወጣሁ፣ ነገ የሚቀጥለውን ከማለት ምን ያቆመኛል? መስታወቱ ነው? ምንጣፉ ነው?» ወደ አቶ ፍሬስብሐት ዞረ። «እርስዎ እንዳልጠጣሁ ያውቃሉ።»

አቶ ፍሬስብሐት አላውቅም አላሉም። መዝገቡ እንጂ እኔ ምንም ማለት አልችልም አሉ፣ ከዚያም ይቅርታ ወንድሜ አሉት።

ይትባረክ ጣቱን አነሳና አልወደቅሁም የሚለውን ነካ። መዝሙር አልነበረም። ክህደት፣ አለ ሰሌዳው፤ የማገገም ቀን፣ አንድ። ይዘውት ሲወጡ ዞር ብሎ እህል ብዪ አለኝ፣ ውኃ ግን ቀስ እያልሽ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። በመስኮት ሳየው ወደ መኝታው አልሄደም፤ ወደ ጀርባ፣ ወደ ጎመኑ መደብ ነው የታጠፈው።

አልዋሽም፣ ያን ሰዓት ረገምኩት። ቤተሰብ ከሚበተን አንድ ቃል ቢዋሽ ምን ነበረበት ብዬ፣ የኔን ያህል ልጁን አይወዳትም ብዬ፣ ተራራውን በእግሬ እስክወርድ ድረስ ረገምኩት። ከተማው ጫፍ ስደርስ አንዲት ሴትዮ ጉሊት ላይ ሙዝ ይዛ አየሁ። አንድ ልጬ ስጎርስ ዘቧ ጥርሴ ላይ ንዝር አለችና «እህታችን፣ ምስጋና አልሰማንም» አለችኝ፣ በአፌ ውስጥ። መንገድ ዳር ቆሜ፣ ሰው እያየኝ፣ ሙዙን ጎርሼ አለቀስኩ። ለካ እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህቺን በአፉ ይዞ፣ እሷ የማትሰማውን ጸሎት ሲጸልይ ነው የኖረው። ያቺኑ የእሱ ብቻ የሆነችውን ነገር ነው ያን ቀን በአንድ «አዎ» ለውጣት ያሉት።

ቤት ስደርስ ሶልያና በሩ ላይ ነበረች። እህቴ ነግራት ይሁን፣ በመኪና ሳይሆን በእግሬ፣ ብቻዬን መምጣቴን አይታ ይሁን፣ ጫማዋን አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። እንደ ትልቅ ሰው እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አባዬ ጠጣ?»

«አልጠጣም።»

«ምንም?»

«አንድ ጠብታ እንኳ አልጠጣም።»

ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነገር አታሳልፍም።

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

እውነቱን ልነግራት ቆርጫለሁ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር አይነገርም። ስትሰማው ግን ግራ እንደሚገባት አውቃለሁ። እጇን ያዝኩ።

«ስላልጠጣ ነው» አልኳት።